ከአፕግሬድ በኋላ ሊኑክስ አላስገባ ሲል፦ ችግሩ ፓስወርዱ ላይ ነው ወይስ ከፓስወርዱ በኋላ?

አፕግሬዱ ያለ ምንም ቅሬታ አለቀ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ስማችሁ ያለበት የመግቢያ ገጽ መጣ፤ ፓስወርድ ጻፋችሁ፤ ኢንተር። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ። ከዚያ ያው ገጽ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሶ ፓስወርድ ይጠይቃል። ደግማችሁ ብትጽፉም ለውጥ የለም።

ይሄ በሊኑክስ ዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ብልሽት ነው። የሚሰጡት ምክሮችም የታወቁ ናቸው። ይሄን ፋይል አጥፋ፣ ያንን ድራይቨር ንቀል፣ የመግቢያ ገጹን ፕሮግራም እንደገና ጫን፣ ካልሆነ ሁሉንም ከዜሮ ጀምር። እያንዳንዱ ምክር ለሆነ ሰው ሠርቷል። ግን የዚያ ሰው ብልሽትና የእናንተ ብልሽት በመልክ ብቻ እንጂ በምክንያት ላይገናኙ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ከ2025 ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። ዴስክቶፑን ስክሪን ላይ የሚያወጡ ሁለት ሥርዓቶች አሉ፦ አዲሱ ዌይላንድ፣ እና አሮጌው ኤክስ11፣ ኤክስ ኦርግ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው። ለዓመታት "በዌይላንድ አልገባ ካለህ በኤክስ ኦርግ ግባ" የሚለው ምክር ብዙ ሰው አውጥቷል። አሁን ያ መውጫ በትልልቆቹ ዲስትሮዎች (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ እየተዘጋ ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ከመገልበጥ በፊት፣ ኢንተር ከተነካበት እስከ ዴስክቶፑ መምጣት ድረስ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ የግድ ሆኗል።

ከኢንተር በኋላ ምን ይሆናል?

የመግቢያ ገጹ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ጂዲኤም ይባላል። በኬዲኢ ላይ በብዛት ኤስዲዲኤም ነው። ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ደግሞ ላይትዲኤምን ይጠቀማሉ። ሥራው ፓስወርዱን ተቀብሎ ፓም ለሚባለው የማረጋገጫ ሥርዓት ማቀበል ነው። ፓም እሺ ካለ የሲስተሙን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ለተጠቃሚው ሴሽን (ከመግባት እስከ መውጣት ያለውን ቆይታ) ይከፍታል። ከዚያ በሆም ፎልደራችሁ ያሉት የማስጀመሪያ ፋይሎች ይነበባሉ። ቀጥሎ ዴስክቶፑን የሚስለው ፕሮግራም ይነሳና ከግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር ተገናኝቶ ስክሪኑን ይረከባል። ፓነሉ፣ ኤክስቴንሽኖቹ፣ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ አንዱ ከወደቀ ሴሽኑ ይዘጋል። ሴሽን ሲዘጋ የመግቢያው ፕሮግራም የሚያውቀው "ተጠቃሚው ወጣ" የሚለውን ብቻ ነው። ገብታችሁ ወዲያው የወጣችሁ ይመስለዋል፤ እንደ ደንቡ ገጹን መልሶ ያቀርባል። ለዚህ ነው ምንም ማብራሪያ የማይሰጣችሁ። በእሱ በኩል የተበላሸ ነገር የለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ፓስወርዱ ተቀባይነት አጥቷል ወይስ አግኝቷል? "ፓስወርድ ተሳስቷል" የሚል መልእክት ከመጣ ነገሩ ፓም ጋር ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ከተመለሰ ግን ፓስወርዱ አልፏል። ያኔ ፓስወርድ ለመቀየር መታገል ጊዜ ማባከን ነው። ሰው ግን ሁለቱን "መግባት አልቻልኩም" በሚል አንድ አረፍተ ነገር ይጠቀልላቸዋል። ግማሹ የተሳሳተ ምክር የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ፓስወርዱን አልቀበልም ሲል

እዚህ ፍለጋው ጠባብ ነው። መጀመሪያ ኪቦርዱን ጠርጥሩ። የመግቢያ ገጹ የሚጠቀመው በሲስተም ደረጃ የተቀመጠውን የኪቦርድ አቀማመጥ ነው፤ እናንተ ዴስክቶፓችሁ ላይ የመረጣችሁት ሌላ ሊሆን ይችላል። አፕግሬድ ደግሞ የሲስተሙን ወደ አሜሪካው አቀማመጥ ሊመልሰው ይችላል። በጀርመን አቀማመጥ ለለመደ ሰው ዜድ እና ዋይ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ምልክቶቹም ይዘዋወራሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ፓስወርዱን ጻፉና በዓይናችሁ እዩት። ኢንተር ሳትነኩ አጥፉት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሳችሁ የሞከራችሁት ብዛት ነው። ፓም ፎልሎክ የሚባል ሞጁል (የፓም ተጨማሪ ክፍል) አለ፤ አርችን ጨምሮ በአንዳንድ ዲስትሮዎች ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። በመደበኛ ቅንብሩ 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ይቆልፋችኋል። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ትክክለኛውን ብትጽፉም አይቀበልም። ተናድዶ ደጋግሞ መጻፍ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። በ2020 የወጣው ፓም 1.4 ፓም ታሊ2 የሚባለውን አሮጌ ሞጁል በመደበኛነት መገንባት አቆመ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ፓም 1.5 ደግሞ ጨርሶ አስወገደው። ፎልሎክ የተተካው በእሱ ቦታ ነው። የማረጋገጫ ፋይሎቻቸውን በእጃቸው አስተካክለው የነበሩ ሰዎች እዚህ ላይ ተያዙ። ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያድሰው ፓኬጅ ማኔጀር እናንተ የነካችሁትን ፋይል ዝም ብሎ አይደመስስም፤ አዲሱን ከጎኑ ያስቀምጣል። አሮጌው ፋይል ግን ከዚህ በኋላ የሌለ ሞጁል ይጠራል። ፓም የግድ የተባለውን ሞጁል ካጣ ሁሉንም ሰው ውጭ ያስቀራል። ፓስወርዱ ትክክል ቢሆን ለውጥ የለውም።

እነዚህ ከጎን የሚቀመጡ ፋይሎች ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ይከማቻሉ። በአርች ፓክኒው፣ በፌዶራ አርፒኤምኒው፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ዲፒኬጂ ዲስት በሚል ቅጥያ ታገኟቸዋላችሁ። አብዛኛው ሰው ተከማችተው ዓመታት ሲያልፉ አያያቸውም። ፓም ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ካሉ ግን ዛሬውኑ ማየት ይሻላል።

በሌላ መንገድ መግባት

ፓስወርዱ ካለፈና ዴስክቶፑ ካልመጣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል። ቲቲዋይ ይባላል። ስምና ፓስወርድ ጽፋችሁ ግቡ። ከገባችሁ ትልቅ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው፦ አካውንቱ ደህና ነው፣ ፓስወርዱ ደህና ነው፣ ብልሽቱ ከግራፊክሱ ወገን ነው። እዚህም ካልገባችሁ ደግሞ ወደ ፓም ተመለሱ። ያኔ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የግራብ ሜኑ ያለውን የጥገና ሁነታ ወይም ከፍላሽ የሚነሳ ሲስተም መጠቀም ይኖርባችኋል።

አንድ የተግባር ነገር ልጨምር። ከቲቲዋይ ፓኬጅ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ በዴስክቶፑ የቁልፍ መያዣ ውስጥ ከተቀመጠ እዚህ አይሠራም፤ መያዣው የሚከፈተው ዴስክቶፑ ሲነሳ ነው። ኬብል ካለ ሰኩ። ከሌለ ኤንኤምቲዩአይ የሚባለው ትእዛዝ በጽሑፍ ስክሪን ላይ ዋይፋይ የሚመርጡበት ሜኑ ይከፍታል።

ከዚያ አዲስ የሙከራ ተጠቃሚ ፍጠሩ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የምርመራ ዘዴዎች ይሄን የሚያህል የለም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወደ መግቢያ ገጹ ተመለሱና በአዲሱ ስም ግቡ። ዴስክቶፑ ከመጣለት ሲስተሙ፣ ድራይቨሩ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ በእናንተ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። ለእሱም ካልመጣ ሆማችሁን ተዉት፤ ነገሩ ከሥር ነው። አንድ ሙከራ የፍለጋውን ቦታ ለሁለት ይከፍለዋል።

ሎጉን ማንበብም አለ፤ ሰው የሚፈራው ክፍል። ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም መዝገብ ያወጣል። ኮምፒውተሩ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ስታነቡ በቀይ የተጻፈ ሁሉ አያስደንግጣችሁ። ጤነኛ ግኖም እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ፍለጋችሁን "ለዚህ ተጠቃሚ ሴሽን ተከፈተ" ከሚለው የፓም መስመር ጀምሩ። መስመሩ መኖሩ በራሱ ፓስወርዱ ማለፉን ይመሰክራል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ "ሴሽን ተዘጋ" የሚል ሌላ መስመር ታያላችሁ። ጥፋተኛው በሁለቱ መካከል ነው። ከመጨረሻው ስህተት ይልቅ የመጀመሪያውን አንብቡ፤ የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ውድቀት ያስከተላቸው ናቸው።

ጥፋቱ ሆም ውስጥ ሲሆን

መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ይሄ ተራ ይመስላል፤ ግን አፕግሬድ ብዙ ጊጋባይት ያወርዳል፣ አሮጌ ከርነሎችም ቦታ እንደያዙ ይቀራሉ። ሴሽን ሲነሳ ትንንሽ ፋይሎች መጻፍ አለበት። ቦታ ካጣ ይሞታል። የሚያሳስተው ደግሞ ኢኤክስቲ4 የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ሲፈጠር በመደበኛነት 5 በመቶውን ለሩት (ለሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ የሲስተሙ አገልግሎቶች ያለ ችግር ሲሠሩ ተራ ተጠቃሚ ብቻ መግባት ያቅተዋል። ዲኤፍ የሚለው ትእዛዝ መቶ በመቶ ካሳያችሁ ሌላ ምንም አትፈልጉ፤ ቦታ አስለቅቁ።

ሁለተኛው ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ነው። አንድ ጊዜ የግራፊክስ ፕሮግራም በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከከፈታችሁ የፋይሉ ባለቤት ሩት ሊሆን ይችላል። ከዚያ እናንተ ልትጽፉበት አትችሉም፤ የኤክስ11 ሴሽንም አይነሳም። ባለቤትነቱን ወደ ራሳችሁ መመለስ ይበቃል። ይሄ ምክር በየቦታው የሚደጋገመው በእርግጥ ብዙ ሰው ስላዳነ ነው። በዌይላንድ ለሚገባ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ አይደለም።

ሦስተኛው የማስጀመሪያ ፋይሎች ናቸው፤ ፕሮፋይል፣ ባሽ ፕሮፋይልና መሰሎቻቸው። ከዓመታት በፊት እዚያ የጻፋችሁት አንድ መስመር ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ ባሽን በሌላ ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) እንዲተካ የሚያዝ መስመር። በተርሚናል ሲገባ ይሠራል። የግራፊክስ ሴሽን ግን ያንኑ ፋይል ሲያነብ ራሱ በሼሉ ይተካል፤ ሼሉ የሚሠራው ነገር ስለማያገኝ ይዘጋል፤ ሴሽኑም አብሮ ይሄዳል። ወይም መስመሩ የሚጠራው ፕሮግራም በአፕግሬዱ ተወግዷል። ፋይሎቹን ሌላ ስም ስጧቸውና ሞክሩ። አታጥፏቸው።

የግኖም ኤክስቴንሽኖች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ጣጣ ናቸው። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ለተወሰነ የግኖም ስሪት ነው የሚጻፈው። በመስከረም 2023 የወጣው ግኖም 45 የአጫጫን ዘዴውን ስለቀየረ ከዚያ በፊት የተጻፉት በሙሉ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። ግኖም የማይስማማውን ኤክስቴንሽን እንዳይጭን ስሪቱን ያጣራል፤ ግን ማጣሪያውን የሚያጠፋ ቅንብር አለ፣ "ኤክስቴንሽኔ እንዳይቀርብኝ" ብሎ ያጠፋውም ሰው ብዙ ነው። ከቲቲዋይ ሆናችሁ የኤክስቴንሽን ፎልደሩን ስም ብትቀይሩ ይሄ ጥርጣሬ ወዲያው ይለያል።

ለሁሉም ተጠቃሚ እምቢ ሲል

የሙከራው ተጠቃሚም ካልገባ ብዙውን ጊዜ የምንደርሰው ግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር ነው። የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨሮች በከርነሉ ውስጥ ስለሆኑ አብረው ያድጋሉ። የኤንቪዲያው ከውጭ የሚመጣ ነው። በብዙ ዲስትሮ ላይ ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር የድራይቨሩን ሞጁል እንደገና ይገነባል። ለዚህ የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ። ከሌሉ ግንባታው ይከሽፋል። የመክሸፉ መልእክት ከሚወርዱት መቶ መስመሮች መካከል አልፎ ይሄዳል፤ አፕግሬዱም "ተጠናቋል" ብሎ ያበቃል።

ለምን ወደ ነጻው ድራይቨር ወደ ኑቮ አይመለስም? ምክንያቱም የኤንቪዲያው ፓኬጅ ሲጫን ኑቮን ይከለክላል። አንዱ ተከልክሏል፣ ሌላው አልተገነባም። ዴስክቶፑ የሚይዘው ነገር የለም።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ኮድ እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የበራበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልክ አለ። ሞጁሉ በትክክል ተገንብቷል፤ ግን ፊርማው ስላልታወቀ ከርነሉ አልጭንም ይላል። ሎጉ ላይ ቁልፉ ውድቅ እንደተደረገ የሚናገር መስመር ይኖራል። ከአፕግሬዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቁልፍ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ይሆናል። ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ሰው ቡና ሊቀዳ ሲሄድ ያመልጠዋል። ምዝገባውን እንደገና መጠየቅ ይቻላል፤ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ግድ አይደለም።

ቅርብ ጊዜ የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር 590 ለማክስዌልና ለፓስካል ካርዶች የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ። ጂቲኤክስ 900 እና ጂቲኤክስ 10 የሚባሉት ካርዶች ማለት ነው። በታኅሣሥ 2025 አርች ወደዚህ ድራይቨር ሲሸጋገር ተጠቃሚዎቹን አስጠንቅቋል፦ እነዚህ ካርዶች ያሉበት ኮምፒውተር ላይ አፕግሬድ ብታደርጉ ድራይቨሩ አይነሳም፣ የግራፊክስ መግቢያውም ሊበላሽ ይችላል። መፍትሄው የ580ውን ቅርንጫፍ መጫን ነው። እዚህ ላይ የከሸፈ ግንባታ የለም፣ የተበላሸ ፋይልም የለም። ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፤ የእናንተን ካርድ ግን አያውቀውም። አሥር ጊዜ እንደገና ቢጫን ያው ነው።

ኤኤምዲ ያላቸውም ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። ዴቢያን 12 በ2023 ሲወጣ ፈርምዌሮቹ (ካርዱ ራሱ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች) ነጻ ያልሆኑ ፈርምዌሮች ወደሚቀመጡበት የተለየ ክፍል ተዛወሩ። የፓኬጅ ምንጭ ዝርዝራቸው ላይ ይሄን ክፍል ሳይጨምሩ ከዴቢያን 11 የተሻገሩ ሰዎች አዲስ ፈርምዌር አይወርድላቸውም። የኤኤምዲ ካርድ ደግሞ ያለ ተስማሚ ፈርምዌር በትክክል አይነሳም።

ከዚህ ሁሉ ለጊዜው የሚያወጣው በግራብ ሜኑ አሮጌውን ከርነል መምረጥ ነው። ብዙ ዲስትሮዎች ቢያንስ አንድ የቀድሞ ከርነል ያስቀራሉ። ሞጁሉ ለእሱ ቀድሞ ተገንብቶ ከነበረና የድራይቨሩ ስሪት ካልተቀየረ ገብታችሁ በምቾት ትጠግናላችሁ። ኖሞድሴት የሚለውን ቃል በከርነሉ መስመር ላይ መጨመርም ይመከራል። እሱ ግን ስክሪን ለማግኘት ያህል ነው፤ ብዙ የዌይላንድ ዴስክቶፖች እንዲህ ሆነው በቅጡ አይሠሩም።

የተዘጋው መውጫ

ዌይላንድ አዲስ አይደለም። ፌዶራ በ2016 በስሪት 25 የግኖም መደበኛ መግቢያ አደረገው። ኡቡንቱ በ17.10 ሞክሮት በ18.04 ወደ ኤክስ ኦርግ ተመለሰ፤ በ21.04 ደግሞ እንደገና ወደ ዌይላንድ ሄደ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የኤክስ ኦርግ ሴሽን ከጎን ተቀምጦ ነበር። በመግቢያ ገጹ ጥግ ያለችውን ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለች ምልክት ነክቶ መቀየር ነው። ለዚህ ነው ያ ምክር የትም የሚገኘው።

በመስከረም 2025 የወጣው ግኖም 49 የኤክስ11 ሴሽኑን በመደበኛነት አጠፋው። ከእሱ ጋር ኡቡንቱ 25.10 እና ፌዶራ 43 የግኖምን ኤክስ11 መግቢያ አስወገዱ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት ሲወጣ የኤክስ ኦርግ ሰርቨርን ራሱን አስወግዶ ነበር። ኬዲኢም ፕላዝማ 6.8 በዌይላንድ ብቻ እንደሚሆን አስታውቋል። ኤክስፌስን የመሰሉ ዴስክቶፖች ግን ገና በኤክስ11 ላይ ናቸው፤ ኤክስፌስ 4.20 የዌይላንድ ድጋፍ የጀመረው በሙከራ ደረጃ ነው። አሮጌ ፕሮግራሞችም በኤክስ ዌይላንድ (የኤክስ11 ፕሮግራሞችን በዌይላንድ ውስጥ በሚያስኬደው ድልድይ) በኩል መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የቀረው የመግቢያው ሴሽን ነው።

ውጤቱ ይሄ ነው። በጂዲኤም ቅንብር ውስጥ ዌይላንድን የሚያጠፋውን መስመር ማብራት የብዙ ዓመታት መድኃኒት ነበር። በአዲሶቹ ስሪቶች ላይ ግን ወደሚሄዱበት ኤክስ ኦርግ የለም። ያንን መስመር ድሮ አብርቶት ረስቶት የተሻገረ ሰው ካለ አሁን መጀመሪያ ማየት ያለበት እሱን ነው። ለውጡ ትክክል መሆኑ ላይ እኔም አልከራከርም፤ ኤክስ ኦርግን የሚጠግን ሰው ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ግን አማራጩ ሲወገድ የሚነገርበት ቦታ የልቀት ማስታወሻው ብቻ መሆኑ ያናድዳል። አፕግሬድ የሚያደርግ ሰው ስንቱ ያንን ያነባል? ተጠባባቂ የሚፈልግ ሰው ኤክስፌስን ወይም ሌላ ቀላል ዴስክቶፕ ከዋናው ጎን ቢጭን አይጎዳም። አንዱ እምቢ ሲል በሌላው ገብቶ በብሮውዘር እያነበቡ መጠገን ይቻላል።

ከዜሮ መጫንስ?

አፕግሬዱ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ወይም ባትሪ አልቆ ከተቋረጠ መጀመሪያ እንዲጨርስ ዕድል ስጡት። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች አዋቅረህ ጨርስ የሚል የዲፒኬጂ ትእዛዝ አለ፤ ቀጥሎ ኤፒቲ የጎደለውን እንዲያሟላ ይደረጋል። አስደናቂ ያህል ብዙ ጊዜ ይሠራል። መሠረታዊዎቹ ላይብረሪዎች ራሳቸው ተደባልቀው ቲቲዋይም ካልተነሳ ግን እንደገና መጫን ምክንያታዊ ነው፤ ለማንም የሚያሳፍር አይደለም።

በሌሎቹ ሁኔታዎች ግን ከዜሮ መጫን የሚመስለውን ያህል ንጹሕ አይደለም። ብዙ ሰው ሲጭን የሆም ክፍሉን ሳይነካ ያስቀራል። ጥፋቱ እዚያ ከነበረ ሦስት ሰዓት ደክማችሁ ያንኑ ፋይል ያንኑ ቦታ ታገኙታላችሁ። ጥፋቱ ካርዳችሁን የማያውቅ ድራይቨር ከነበረም፣ አዲሱ ሲስተም ያንኑ ድራይቨር እስኪያወርድ ድረስ ብቻ ነው የሚያስገባችሁ። መጫን ግድ ከሆነም ፋይሎቻችሁን በመጠባበቂያ አውጡ፤ በነጥብ የሚጀምሩትን የቅንብር ፎልደሮች ወደ ጎን አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን ብቻ መልሱ። ቅንብሩን አንድ በአንድ፣ ወጥታችሁ እየገባችሁ ትጨምሩታላችሁ።